ነጩ የቀጋ አበባ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ

ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ጥላ ሥር በቅርበት ያነሳኋቸው የቀጋ አበቦች ስላይድ ፊልሙ (ወረቀት ላይ ሳይታተም ራሱ ሥዕል የሚሆነው) ታጥቦ ሲመጣ ሰማያዊ ሆነው ወጡ። በዚያው ፊልም ላይ ፀሐይ የመታቸው አበቦች ደህና ስለነበሩ በአጣቢው ማመካኘት አልተቻለም።

ጣጣው የብርሃኑ ነው። የቀን ብርሃን ፊልም የተመጠነው ለ5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ግድም ነው፤ ጥላ ውስጥ ግን አበባውን የሚያበራው ሰማያዊው ሰማይ ነው። የደሴ ሰማይ ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ሲጠራ አይጣል ነው! ዓይን ይህን ያቻችላል፣ ፊልም አያቻችልም። ኔጋቲቭ ፊልም ቢሆን ወረቀት ላይ ሲታተም በከፊል ይታረም ነበር።

መጀመሪያ 81ቢ የተባለውን ቡናማ ማጣሪያ ገጠምኩ። የሚወስደው ብርሃን የአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ እርከን) ሲሶ ብቻ ቢሆንም የቅጠሉን አረንጓዴ አጠወለገብኝ። የበለጠው መላ ነጭ ካርቶን ሆነ፤ ፀሐይ ላይ ተይዞ ብርሃኑን ወደ ጥላው ይመልሳል። የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ አበባው በረደው እንዴ?» እያለ ያዘልኝ። ነጩ ነጭ ሆነ፤ መሀል ያሉት ቢጫ ዘንጎችም ከነዱቄታቸው አንድ በአንድ ተለዩ።

እንዲህ በቅርበት ለማንሳት በ50 ሚሊሜትር ሌንስና በካሜራው መሀል 25 ሚሊሜትር ማራዘሚያ ቀለበት ከገባ ከአንድ ስቶፕ ትንሽ የሚበልጥ ብርሃን ይጠፋል። በሌንሱ በኩል የሚለካ ካሜራ ራሱ ያካክሰዋል፤ በእጅ በሚያዝ የብርሃን መለኪያ የምትሠሩ ግን እናንተው ጨምሩበት።