ስንቀሳቀስ የሚቆራረጥ ዋይፋይ፦ በመጋዘንና ሰው በሚበዛበት የሥራ ቦታ እንዴት እንደሚስተካከል

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ የሚራገፍባት ከተማ ናት። በሰፋፊ መጋዘኖች ውስጥ ስልክ ወይም የባርኮድ ስካነር ይዞ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ የሚሄድ ሠራተኛ የሚያሰማው ቅሬታም በየቦታው ተመሳሳይ ነው፦ «ቆሜ ስሠራ ይሠራል፣ ስሄድ ይቆማል።» ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የአክሰስ ፖይንቱን (ዋይፋዩን የሚያሠራጨውን መሣሪያ) ጉልበት መጨመር ወይም ተጨማሪ ራውተር መግዛት ሲሆን፣ ሁለቱም ችግሩን ሲያባብሱት ይታያል።

ምክንያቱ ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው መቼ እንደሚሸጋገር የሚወስነው ስልኩ እንጂ አክሰስ ፖይንቱ አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ አይፎን ሌላ አክሰስ ፖይንት መፈለግ የሚጀምረው የያዘው ሲግናል ከ-70 ዲቢኤም በታች ሲወርድ ነው (ዲቢኤም የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል፣ ልዩነቱም በዲቢ ይለካል)። ሲያገኝም፣ መረጃ እያስተላለፈ ባለበት ጊዜ አዲሱ ቢያንስ በ8 ዲቢ፣ ሥራ ፈቶ ባለበት ጊዜ ደግሞ በ12 ዲቢ ካልበለጠው አይሸጋገርም። ስለዚህ በጥሪ ላይ ያለ ስልክ -72 ላይ ቢደርስ፣ -64 ወይም ከዚያ የተሻለ ሲግናል እስኪያገኝ ድረስ የያዘውን አይለቅም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ስልኩ በጊዜ እንዲለቅ ለማግባባት የሚደረጉ ናቸው።

በመጀመሪያ ችግሩ የሽግግር መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ቦታ ቆመው ሳለ የሚቋረጥ ከሆነ ጉዳዩ የኢንተርኔት መስመሩ፣ የቻናል (ዋይፋዩ የሚተላለፍበት የሬዲዮ መስመር) መጨናነቅ ወይም የመብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ከጠፋ፣ ከእርሱ ኃይል የሚያገኙት አክሰስ ፖይንቶች ሁሉ እንደገና ለመነሳት ደቂቃዎች ይወስድባቸዋል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ለስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) መግዛት ነው። ይህ ካልሆነ ግን የተገናኙበትን አክሰስ ፖይንትና የሲግናሉን መጠን የሚያሳይ እንደ ዋይፋይማን ያለ መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ይጫኑና በዋይፋይ ጥሪ ከፍተው ሠራተኛው በሚሄድበት መንገድና ፍጥነት ይራመዱ። ከማራገፊያው በር ተነስተው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ቁጥሩ -58፣ -66፣ -74 እያለ ይወርዳል። በሁለተኛው አክሰስ ፖይንት ሥር ቆመው እንኳ ስልኩ አሁንም የበሩን ይዞ -79 ካሳየ ችግሩን አገኙት ማለት ነው።

ይህን ፍተሻ በቀትር ማድረግ አያዋጣም። በድሬዳዋ በሙቀቱ ሰዓት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ መጋዘኑ ባዶ ነው፣ አየሩም ነፃ ነው። ሠራተኛው ሲበዛና መደርደሪያው ሲሞላ የሚታየው ሌላ ነው፤ በተለይ ዘይት፣ የታሸገ ውኃና ጥራጥሬ ሲግናልን ይውጣሉ፣ የብረት መደርደሪያ ደግሞ ያንጸባርቀዋል።

ቀጥሎ ኔትወርኩ በእርግጥ አንድ መሆኑን ይመልከቱ። በአነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ ከሁሉ የበዛው ስህተት ከገበያ የተገዙ የቤት ራውተሮችን በተመሳሳይ ስምና ፓስዎርድ በየቦታው መስቀል ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ራውተር የራሱን አይፒ አድራሻ የሚያድል ከሆነ፣ ስልኩ ሲሸጋገር አድራሻው ይለወጥና የተከፈተው ጥሪም ሆነ ምዝገባ ይቋረጣል። በተጨማሪዎቹ ራውተሮች ላይ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒን ያጥፉ፣ ገመዱን «ላን» በሚለው ወደባቸው ይሰኩ ወይም ወደ አክሰስ ፖይንት ሁኔታ ይቀይሯቸው፤ አድራሻ የሚያድለው ዋናው ራውተር ብቻ ይሁን። የደህንነት ዓይነቱም በሁሉም ላይ አንድ መሆን አለበት። ገመድ መዘርጋት የሚቻል ሆኖ ሳለ በሪፒተር (ሲግናል ተቀብሎ በሚያስተላልፍ መሣሪያ) መሥራትን አልመክርም፤ የተቀበለውን በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ያጠፋል።

ከዚያ ጉልበቱን ይቀንሱ። ይህ ብዙዎች የሚጠራጠሩት፣ ግን ከሁሉ ይበልጥ ፍሬ የሚሰጥ እርምጃ ነው። አክሰስ ፖይንት በ20 ዲቢኤም ወይም ከዚያ በላይ ሲጮኽ ስልኩ ከሩቅ ይሰማዋል፤ ስልኩ ራሱ ግን ከዚያ ባነሰ ጉልበት ስለሚመልስ ድምፁ አይደርስም። ሙሉ ሲግናል እየታየ ምንም የማይከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች የ5 ጊጋኸርዙ ጉልበት ከ12 እስከ 15 ዲቢኤም፣ የ2.4 ጊጋኸርዙ ደግሞ ከዚያ በ6 ዲቢ ያህል ዝቅ ያለ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ ጋር ዝቅተኞቹን ፍጥነቶች፣ ማለትም 1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋቢት በሰከንድ የሚባሉትን ይዝጉና ትንሹን 12 ያድርጉት። ስልኩ በደከመ ሲግናል እየተንፏቀቀ መቆየት ሲያቅተው ቶሎ ሌላ ይፈልጋል።

ጉልበቱ ከተቀነሰ በኋላ በእያንዳንዱ መተላለፊያ ላይ ዋናው ሲግናል -67 ዲቢኤም ወይም የተሻለ፣ ሁለተኛው አክሰስ ፖይንትም በደንብ የሚሰማ መሆን ይኖርበታል። አክሰስ ፖይንቱን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አጣብቆ መስቀል በእኛ አገር የተለመደ ቢሆንም፣ በድሬዳዋ ሙቀት ለቤት ውስጥ የተሠራ ዕቃ እዚያ ብዙ አይቆይም፤ ዝቅ አድርጎ በመተላለፊያው አቅጣጫ መስቀል ለዕድሜውም ለሲግናሉም ይበጃል። በሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ቤት የሚሠራ ቢሮ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ይለያል፤ ግንቡ ራሱ ሲግናሉን ስለሚቆርጠው አክሰስ ፖይንቱ ኮሪደር ላይ ሳይሆን በየክፍሉ ውስጥ መሆን አለበት።

ቻናልን በተመለከተ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ይጠቀሙ፤ ጎን ለጎን ያሉት አንድ ቻናል አይጋሩ። በ5 ጊጋኸርዝ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አድርገው ከ36 እስከ 48 ካሉት ይጀምሩ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ በመሆናቸው ስልኩ ጠይቆ ከማግኘት ይልቅ አድምጦ መጠበቅ አለበት፤ ይህም ፍለጋውን ያዘገየዋል።

ሽግግሩን የሚያፋጥኑት ቅንብሮች የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። 802.11ኬ ለስልኩ የጎረቤት አክሰስ ፖይንቶችን ዝርዝር ይሰጠዋል፣ 802.11ቪ ወደ የትኛው ቢሄድ እንደሚሻል ይጠቁመዋል፣ 802.11አር ደግሞ ማንነቱን ከመጀመሪያ ጀምሮ ሳያጣራ ያሳልፈዋል። የመጨረሻው ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ መለያና ፓስዎርድ በሚገባበት ኔትወርክ ነው። ኬን እና ቪን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስጋት መክፈት ይቻላል፤ አርን ግን የቆዩ ስካነሮች ስለማያውቁት አንዳንዶቹ ጨርሶ መገናኘት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት ከእያንዳንዱ ዓይነት መሣሪያ አንድ አንድ ይሞክሩ፤ እምቢ ያለ ካለ አር ያልተከፈተበት ሌላ የዋይፋይ ስም ያዘጋጁለት። ለላፕቶፖች በኢንቴል የዋይፋይ ካርድ የላቁ ቅንብሮች ውስጥ «ሮሚንግ አግረሲቭነስ» የሚባለውን ከመካከለኛ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይረዳል።

ሲግናሉ የደከመን ስልክ አክሰስ ፖይንቱ በግድ እንዲያባርር የሚያደርግ ቅንብርም አለ። የሚወዱት ባለሙያዎች ቢኖሩም፣ የሚሄድበት ሌላ በሌለበት ማዕዘን የቆመውን ሠራተኛ ደጋግሞ ስለሚጥል መጨረሻ ላይ ቢሞከር ይሻላል።

እያንዳንዱን ለውጥ ለየብቻ አድርገው፣ መዝግበው፣ በዚያው መንገድ እንደገና ይራመዱ። ሁሉም ተስተካክሎ ጥሪው አሁንም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆረጥ ከሆነና እዚያ የትኛውም አክሰስ ፖይንት ከ-75 የተሻለ ካልታየ፣ ያ ቦታ የሚፈልገው ቅንብር ሳይሆን ገመድና አንድ ተጨማሪ አክሰስ ፖይንት ነው።