ስቴኪኒና እርድ ይዞ ክፍል መግባት

ስልሳ ልጅ ለሚያስተምር መምህር ሒሳብና ሳይንስን በተግባር አስተምር ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ "በምን ዕቃ?" እውነቱን ነው። ያለውም ዕቃ ፔዳጎጂካል ሴንተር (የትምህርት ቤቱ የማስተማሪያ ዕቃ ክፍል) ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል። ግን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ለሚሰጠው ትምህርት የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ሰፈር ሱቅና ጓዳ ውስጥ አለ። ከባዱ ሥራ ልጆቹ ዕቃውን ከመንካታቸው በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። ምን ይሆናል ብለው ሳይገምቱ የጀመሩት ሙከራ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ከሒሳብ እንጀምር። ሁለተኛ ክፍል ላይ ልጆች የሚሰናከሉት መዋስ ያለበት መቀነስ ላይ ነው። ከ42 ላይ 17 ቀንሱ ስትሏቸው ብዙዎቹ 35 ይላሉ። ለምን? ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉ። ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ብታሳዩዋቸውም "ተበደርኩ" የሚለውን ቃል ይሸመድዱታል እንጂ ከማን ምን እንደተበደሩ አይገባቸውም።

ስቴኪኒ ግዙ፤ ትንንሽ የፀጉር ላስቲክም ጨምሩ። ጫፉ ስለሚወጋ ቀድማችሁ ስበሩት፣ ካልሆነም የሳር መጥረጊያ ስንጥር እኩል እኩል ቁረጡ። አሥር አሥሩን በላስቲክ እሰሩ፤ ይሄን ሥራ ለራሳቸው ለልጆቹ ብትሰጡት ይሻላል፣ ምክንያቱም አሥር አንዶች አንድ አሥር መሆናቸውን የሚያዩት ሲያስሩ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አራት እስርና ሁለት ልቅ ስቴኪኒ ይድረሰው። ለአሥር ቡድን 420 ይበቃል።

አሁን "17 ስጡኝ" በሏቸውና ዝም በሉ። አንዱን እስር ይሰጧችኋል። ሰባት ሲፈልጉ ግን እጃቸው ላይ ሁለት ልቅ ብቻ አለ። እዚህ ጋ አትርዷቸው! ክፍሉ ትንሽ ይንጫጫ። ከአንዱ ቡድን የሆነ ልጅ "እንፍታው?" ማለቱ አይቀርም። ላስቲኩን ሲፈቱ 12 ልቅ ይሆናል፣ ሰባቱን ይሰጣሉ፣ ሁለት እስርና አምስት ልቅ ይቀራቸዋል፤ 25። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ 4ቱን ሰርዛችሁ 3 ስትጽፉ ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ያውቁታል። አንዱ እንጨቱን ሲያንቀሳቅስ ሌላው በዚያው ቅጽበት ደብተር ላይ ይጻፍ። እንጨትና ቁጥር ከተለያዩ ልፋቱ ከንቱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ለአምስት፣ ማለትም አንድ ጎበዝ ልጅ ከአምስት ልጆች ጋር አድርጋችሁ ስታስቀምጧቸው ጎበዙ ልጅ ዕቃውን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል፣ የቀሩት ተመልካች ይሆናሉ። ስለዚህ እንጨት የሚነካው ሁልጊዜ የሚከብደው ልጅ ይሁን፤ ጎበዙ ይጻፍ።

የለስላሳ ቆርኪም ጥሩ ነው፣ ግን ለሌላ ሥራ። ቆርኪ አይታሰርም። ለማባዛት ግን ወደር የለውም፤ ሦስት ረድፍ በአራት ደርድሩና ጠረጴዛውን ዙሩት፣ አራት ረድፍ በሦስት ይሆናል።

ወደ አካባቢ ሳይንስ ስንመጣ የኔ ምርጫ እርድ ነው። አልጫ የፈሰሰበት ነጠላ በሳሙና ሲታሽ እንደሚቀላ ያየ ልጅ አይጠፋም፤ በዚህ ጥያቄ ጀምሩ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ፣ ነጭ ወረቀት ነክራችሁ አድርቁና ቁራጭ ቁራጭ አድርጋችሁ አድሉ። የሎሚ ጭማቂ፣ ኮምጣጤ፣ የሳሙና ውሃ፣ የተጣራ የአመድ ውሃና ንጹሕ ውሃ በሃይላንድ ክዳን አቅርቡ። ልጆቹ መጀመሪያ ግምታቸውን ይጻፉ፣ ቀጥሎ ጠብ ያድርጉ። ሳሙናውና አመዱ ወረቀቱን ቀይ ቡናማ ያደርጉታል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ይሄኛው ላይ ጩኸት አለ፣ ጎረቤት ክፍሉን አስቀድማችሁ ይቅርታ ጠይቁ።

እርድ ግን ጉድለት አለው። ለአሲድም ለንጹሕ ውሃም ያው ቢጫ ነው። "ቢጫ ከሆነ አሲድ ነው ማለት ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ከሙከራው ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክራቸው ይሄ ነው። ሁለቱን ለመለየት የከርከዴ ሻይ ይጠቅማል፤ ሎሚ ሲገባበት ይደምቃል፣ ሳሙና ሲገባበት ወደ አረንጓዴነት ያደላል። በረኪና ግን በፍጹም ክፍል አታስገቡ። የገበያ እርድ አንዳንዴ ቅይጥ ስለሆነ ዋዜማውን ቤታችሁ ሞክሩት።

ሦስተኛው ሙከራ የጥላ ልኬት ነው፣ ምንም ብር አይጠይቅም፤ ለአራተኛ ክፍል ይሆናል። አንድ ሜትር ዘንግ ግቢው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉና ጥላው በጣም የሚያጥረው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ሁሉም ስድስት ሰዓት ይላሉ። ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት በየአሥር ደቂቃው ተራ ገብተው ይለኩ፣ ሠንጠረዥ ይሥሩ። (ፀሐይን ቀና ብሎ ማየት ክልክል ነው፣ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።) አዲስ አበባ ላይ አጭሩ ጥላ የሚገኘው በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው፣ እንደ ወሩ እስከ 15 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ ይላል። ምክንያቱ ለእናንተ እንዲሆን፦ የሀገራችን ሰዓት የተሰፈረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ከተማዋ ከዚያ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ትገኛለች፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ።

ዓመቱን ሙሉ በወር አንዴ ብትለኩት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትሩ ጥላ ወደ ሰሜን 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በሰኔ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሚያዝያ 5 ቀን አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላ የለም ማለት ይቻላል። የፋሲካ ዕረፍት ከገጠመባችሁ ከሳምንት በፊት ለኩት፤ ያኔም ቢሆን ከአምስት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።