ማድፈጫ ውስጥ የሚሆን ወንበር እንዴት ይመረጣል? (ለድሬና ለሐረር ልጆች)

ማድፈጫ ማለት ወፍና እንስሳ ሳያዩን ፎቶ ለማንሳት ተደብቀን የምንቀመጥበት ቦታ ነው። ካሜራና ሌንስ ላይ ያለውን ብር ሁሉ አፍስሶ ወንበር ላይ ሲደርስ "ችግር የለም ድንጋይ ላይ እቀመጣለው" የሚል ሰው ብዙ ነው። አቦ ድንጋይ ላይ ስንት ደቂቃ ትቀመጣለህ? ጅግራም በሉት እንሹ (ሚዳቋ የምትመስለው ትንሿ እንስሳ)፣ ብዙ ጊዜ የሚያባርራቸው መልካችን ሳይሆን እንቅስቃሴና ኮሽታ ነው፣ እኛ ደሞ የምንንቀሳቀሰው ወገባችን ስላመመን ወይ እግራችን ስለደነዘዘ ነው። ስለዚ ወንበሩን ከመደበቂያው ሸራ እኩል ቁጠሩት።

እዚ የማወራው በካሜራ ስለሚያደፍጥ ሰው ነው። ጠመንጃ ለሚይዝ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው፣ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ አካባቢ ደሞ ጭራሽ እንዳታስቡት። የአቀማመጡ ነገር ግን ያው ነው፣ ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ ለሚጠብቅም ይሰራል።

መጀመሪያ ስለ ጀርባ። በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብሎ እስከ መግሪብ ንቅንቅ የማይል ሰው ማድፈጫ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይቁነጠነጣል፣ ሰውዬው አንድ ነው፣ ልዩነቱ በርጫው ላይ ጀርባው ግድግዳ ክንዱ ትራስ አለው። ስለዚ ከአንድ ሰዓት በላይ ልትቀመጡ ካሰባችሁ መደገፊያ ያለው ውሰዱ፣ መደገፊያው ግን አጭር ይሁን፣ ወገብን ይዞ ከትከሻ በታች የሚቀር። ረጅም ከሆነ ዞር ስትሉ ክርናችሁን ይመታል፣ ከሸራው ጋርም ይታከካል። የክንድ ማስቀመጫ ያለውን ደሞ ተዉት፣ ካሜራ ለማንሳትም ለመዞርም እንቅፋት ነው።

ዋናው ጣጣ ግን መሬቱ ላይ ነው። ድሬ አካባቢ ወፍና እንስሳ የምንጠብቅበት ቦታ አብዛኛው የደረቀ ወንዝ ዳር ነው፣ አሸዋ ማለት ነው፣ ቀጫጭን የቱቦ እግር ያለው ታጣፊ ወንበር እዛ ላይ ስትቀመጡበት አንዱ እግር ቀድሞ ይሰምጥና ቀስ እያላችሁ ወደ አንድ ጎን ታጋድላላችሁ፣ ሳታውቁት ወገባችሁ ሚዛን ሲጠብቅ ይውላል፣ ማታ ለምን እንዳመማችሁ ይገርማችኋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ወይ ከታች እግሮቹን የሚያያይዝ ዘንግ ያለው ወንበር (በግራና በቀኝ መሬት ላይ የሚተኛ ቱቦ ያለውን ማለቴ ነው) ወይ ደሞ ከስሩ የሚነጠፍ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ። ኮምፔንሳቶው ላይ አሮጌ ካላማዳሪ (የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቆርጣችሁ ብትለጥፉ እግሩም አይንሸራተትም ድምፅም አይሰጥም።

ወደ ባቢሌ ስትወርዱ፣ ዳካታ ሸለቆ በኩል ደሞ ድንጋይ ነው፣ እዛ አራት እግር ሁሌም አንዱ አየር ላይ ይቀራል። ሦስት እግር ያለው በርጩማ ግን መሬቱ የፈለገውን ያህል ጎርበጥባጣ ቢሆን አይወዛወዝም፣ ሦስት ነጥብ ሁሌም ይገጥማል። መጥፎ ጎኑ በቀላሉ መገልበጡ ነው። ስለዚ ስትቀመጡ አንዱን እግር በቀጥታ ወደ ኋላ አድርጉት፣ ሁለቱ ወደ ፊት ይሁኑ፣ ምክንያቱም ወደ ፊት የራሳችሁ ሁለት እግር አለ፣ የሚያስፈራው ወደ ኋላ መውደቅ ነው። ተዳፋት ላይ ደሞ ከታች በኩል ጠጠር ከመደርደር ከላይ ያለውን ጎን ትንሽ ቆፈር አድርጉ፣ ጠጠር ይንሸራተታል፣ የተቆፈረ ግን አይከዳም።

ከፍታ። ጫማ አድርጋችሁ ከመሬት እስከ ጉልበታችሁ ጀርባ ለኩ፣ የወንበሩም ቁመት እዛው አካባቢ ይሁን፣ ግን ሰው ተቀምጦበት እያለ ለኩት ምክንያቱም ሸራ ወንበር ሲቀመጡበት ይረግባል። በጣም ዝቅ ካለ ጉልበት ወደ ደረት ይመጣና መነሳትም ችግር ነው፣ ከፍ ካለ ደሞ የወንበሩ የፊት ጠርዝ ታፋችሁን ከስር ይጫንና እግር ይደነዝዛል። መሬት ላይ የሚለቅሙ ወፎችን በዓይናቸው ልክ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ዝቅ ያለ ይመርጣል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እግር ዘርግቶ መቀመጥን መልመድ ይጠይቃል።

ድምፅ ላይ አትደራደሩ። ሱቅ ውስጥ ስትገዙ ቁጭ በሉበት፣ ወደ ኋላ ዞራችሁ ቦርሳ እንደምታነሱ ሁኑ፣ ከጎን ወደ ጎን ተዟዟሩ፣ ባለሱቁ "ልትገዛ ነው ልትተኛበት" ቢላችሁም ስሙት እንጂ አትነሱ። ሲጥ ካለ ከየት እንደሆነ ፈልጉ፣ ማጠፊያው ላይ ያለ ቡለን ከሆነ በብረቱ መሃል የፕላስቲክ ሮንዴላ ገብቶበት ትንሽ ግራሶ ሲነካው ይተዋል፣ ፕላስቲኩ ራሱ የሚንቋቋ ከሆነ ግን መድሃኒት የለውም፣ ካፌ በር ላይ የምናውቀው ነጭ ወንበር ማለት ነው፣ ነጭነቱም ራሱ ከሩቅ ይጮሃል። ቬልክሮ ያለው ኪስም አይሁን፣ ፀጥ ባለ ቦታ ስትከፍቱት ጉድ ነው።

ድሬ ሙቀቱ ስለሚታወቅ መቀመጫው አየር የሚያስገባ መረብ ወይ ሸራ ይሁን፣ ቆዳ መሰሉ ላብ በላብ ያደርጋል። ሐረር ግን ከፍታዋ ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆነ ንጋት ላይ ብረት መቀመጫ ይበርዳል፣ ስፖንጅ ቢጤ ያዙ።

የት ይገኛል ለምትሉ፣ ድሬ ታይዋን ገበያም ቀፊራ ገበያም ታጣፊ ወንበር ዞር ዞር ብሎ መፈለግ ነው። ግን እኔን ከጠየቃችሁ አፅሙ ጠንካራ የሆነ አሮጌ ወንበር ገዝታችሁ ብየዳ ቤት የታችኛውን ዘንግ አስገጥሙለት፣ ሸራውን ደሞ ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ድርብ አድርጎ ይሰፋላችኋል፣ ዳርና ዳሩን ሁለት ጊዜ እንዲመታው ንገሩት፣ ሁሌም የሚተረተረው እዛ ጋር ነው።

ምንም ብር የሌለው ሰው ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ከነክዳኑ ይውሰድ። እየቀለድኩ አይደለም፣ አሸዋ ላይ አይሰምጥም፣ ውስጡ ውሃና ሌንስ ይገባል፣ ክዳኑ ላይ ስፖንጅ ከታሰረበት ዝም ያለ ነው። መደገፊያ ስለሌለው ግን ከኋላ ዛፍ ወይ ድንጋይ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ቢጫ ጀሪካን ግን አይሆንም፣ ይንቋቋል፣ ሲሞቅ ደሞ ብቻውንም ድምፅ ያሰማል።

ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ በጨለማ ስለምትገቡ ወንበሩን ከመዘርጋታችሁ በፊት አራግፉት፣ ከስሩም በባትሪ እዩ፣ ጊንጥ የሚወደው እንዲህ ያለ የተጣጠፈ ሸራ ውስጥ ነው። እሾህ ያለውን ቅርንጫፍም ከእግራችሁ ስር አውጡ፣ በኋላ ብርሃን ሲመጣ ላውጣ ብትሉ ጅግሮቹ ውሃው ጋር ደርሰዋል።