ብቻቸውን ለሚኖሩ ወላጆች የጎረቤት ቡና

ጅማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ወይም አባት ካሏችሁ፣ የመድኃኒት ገንዘብ መላክ ብቻውን አይበቃም። የቅርብ ጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር ያዙ፤ ቡና ሲፈላ እንዳይረሷቸውም አደራ በሉ። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ይበልጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም! በጅማ ሰፈሮች፣ ሕርማታም ሆነ መንደራ፣ ቡና ተጠርቶ የቀረ ሰው ምን ሆኖ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ክኒኑን መዋጥ የረሳ፣ እግሩ ያበጠ፣ ምግብ ያስጠላው ሰው ቶሎ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከዕድር ስብሰባ መቅረት ከጀመሩ ደግሞ የዕድሩን ዳኛ አነጋግሩ፤ መዋጮው ቢከፈልም በየሳምንቱ ቤታቸው ሄዶ የሚጠይቃቸው ሰው ይፈለግላቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያቸው መታደሱንም አጣሩ።