ከሳንባ ሴግመንት ቀዶ ሕክምና በፊት የታካሚው ሳንባ አወቃቀር እንዴት ይጠናል?

ቀኝ ሳንባ ሦስት፣ ግራው ሁለት ሎቦች (ትልልቅ ክፍሎች) ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ሎብ የየራሳቸው የአየር ቧንቧና ደም ቅዳ ባላቸው ሴግመንቶች (ትንንሽ ክፍሎች) ይከፈላል። የሕክምና መጻሕፍት በቀኝ 10፣ በግራ ከ8 እስከ 10 ሴግመንቶችን ይቆጥራሉ፤ ይሁንና ቅርንጫፎቹ ከሰው ሰው ስለሚለያዩ ቁጥሩ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። በ2022 የታተመ የጃፓን ጥናት፣ በሳንባ ዳርቻ የሚገኝ ከ2 ሴንቲሜትር ያልበለጠ የካንሰር ዕጢ ላለባቸው ታካሚዎች ሴግመንቱን ብቻ ማውጣት ሙሉ ሎብ ከማውጣት በሕይወት በመቆየት ረገድ እንደማያንስ በማሳየቱ፣ እነዚህን ልዩነቶች አስቀድሞ ማወቅ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

በመጀመሪያ የደም ሥሮችን በሚያጎላ መድኃኒት የተደገፈ፣ በ1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ውፍረት የተከፋፈለ ሲቲ ስካን ይነሣል። ምስሉ በኮምፒውተር ወደ ሦስት አቅጣጫዊ ቅርጽ ቢቀየርም፣ ዋናዎቹን ምስሎች ተራ በተራ ማየት አይቀርም።

ንባቡ ከዋናው የአየር ቧንቧ (ትራኪያ) ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። በጥቂት ሰዎች ለቀኙ የላይኛ ሎብ አየር የሚያደርሰው ቅርንጫፍ በቀጥታ ከዋናው ቧንቧ ይወጣል። ይህን ሰመመን ሰጪው ባለሙያም ሊያውቀው ይገባል፤ ለመተንፈሻ የሚያስገባው ቱቦ ያንን ቀዳዳ ሊዘጋው ይችላልና።

ቀጥሎ ደም ቅዳዎች ይታያሉ። በአብዛኛው የአየር ቧንቧውን ተከትለው ቢሄዱም አነሣሣቸው ይለያያል። ለምሳሌ ሊንጉላ የሚባለው የግራ የላይኛ ሎብ ክፍል ደም የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በሎቦቹ መካከል ካለው ስንጥቅ በኩል ነው፤ በአንዳንዶች ግን ቅርንጫፉ ከፊት ለፊት ይነሣል። ሐኪሙ ሊንጉላውን አስቀርቶ ከላዩ ያለውን ሲያወጣ ይህን ቅርንጫፍ አብሮ ከቆረጠው፣ የቀረው ክፍል ደም ያጣል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ደም መልሱ ነው። በሴግመንቶች መካከል ስለሚሄድ የመቁረጫውን ድንበር ያመለክታል፤ ስሕተቱም የከፋ ነው። በአንዳንድ ሰዎች የግራ ሳንባ የላይኛውና የታችኛው ደም መልስ ወደ ልብ ከመግባታቸው በፊት ስለሚዋሐዱ፣ የጋራውን ግንድ የላይኛው ብቻ መስሎት የሚቆርጥ ሐኪም የሙሉውን ሳንባ የደም መውጫ ይዘጋል። በቀኝም የመካከለኛው ሎብ ደም መልስ ወደ ታችኛው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥር እስከ ልብ ድረስ መከተል አለበት።

በመጨረሻ ዕጢው ከምስሉ በተገኘው የሳንባ ካርታ ላይ ተቀምጦ፣ የሚቆረጠው መስመር ከዕጢው ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ወይም የዕጢውን ስፋት ያህል መራቁ ይረጋገጣል፤ ካልራቀ ጎረቤት ሴግመንት ይጨመራል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚወጣው ሴግመንት ደም ቅዳ ከታሰረ በኋላ ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው ቀለም በደም ሥር ሲሰጥ፣ በኢንፍራሬድ ካሜራ የሚቀረው ሳንባ ያበራል፣ የሚወጣው ይጨልማል። የአየር ቧንቧውም ከመቆረጡ በፊት ለጊዜው ተቆንጥጦ ሳንባው በአየር ይሞላል፤ ሊቀር የታሰበው ክፍል ካልተነፋ መቁረጡ ቆሞ ምስሉ እንደገና ይታያል።