«ፉል ኦፕሽን ይሁንልኝ» ከማለትዎ በፊት፦ የስፖርት ሴዳን ሲያዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪናው ከተመረጠ በኋላ የቀረው ሥራ ቀላል ይመስላል። ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ይሁን መርሴዲስ ሲ-ክላስ፣ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ይሁን ጀነሲስ ጂ70፣ አንዱ ላይ ከተወሰነ የቀረው የኦፕሽን ዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። አንዳንዱ «ፉል ኦፕሽን ይሁን» ብሎ ይገላገላል፤ ሌላው ፎቶው ያማረለትን ሁሉ ይጨምራል።

እኔ ዝርዝሩን የማነበው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ከመኪናው ጋር አብሮ መወለድ አለበት ወይስ በኋላ ሊገባ ይችላል? ጎማ፣ ቸርኬና የፍሬን ሸራ በአንድ ከሰዓት ይቀየራሉ። ዲፈረንሻል (የሞተሩን ግፊት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው)፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሾክ ወይም በአራቱም ጎማ መነዳት ግን ከፋብሪካ ካልመጣ በኋላ ማስገባቱ ራስ ምታት ነው። ገንዘቡን በመጀመሪያዎቹ ላይ ጨርሶ ሁለተኛዎቹን የዘለለ ሰው ከዓመት በኋላ ይቆጨዋል።

ፊደሉን አይቶ መግዛት

የቢኤምደብሊው «ኤም ስፖርት»፣ የመርሴዲስ «ኤኤምጂ ላይን»፣ የአውዲ «ኤስ ላይን»። የጥቅሎቹ ስሞች የተዋሱት ከኩባንያዎቹ እውነተኛ የስፖርት መኪኖች ነው፤ መኪናው ግን በአብዛኛው የለበሰው ልብሳቸውን ነው። ሌላ ፓራውልት፣ ሌላ ቸርኬ፣ ወፈር ያለ መሪ፣ አንዳንዴም ዝቅ ያለ ሞላ። በ2018 በወጣው 3 ሲሪስ ላይ የኤም ስፖርት ሞላ መኪናውን 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል፤ ኮፈኑን ሲከፍቱት ግን ያው የቀድሞው ሞተር ነው።

የ3 ሲሪሱን ደረጃዎች ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። 330አይ ከነኤም ስፖርቱ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2 ሊትር ሞተር ነው፤ ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 6 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኤም340አይ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3 ሊትር ነው፤ በአራት ጎማ የሚነዳው ዓይነት ያንኑ በ4.4 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ኤም3 ደግሞ ሻሲው፣ ፍሬኑና የኋላ አክስሉ ሳይቀር እንደገና የተሠራ ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሦስቱም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ሲነዷቸው ግን አይገናኙም።

መለያው ቀላል ነው። የጥቅሉን ዝርዝር ሲያነቡ ሾክ፣ ሞላ፣ ፍሬን፣ ዲፈረንሻል የሚሉ ቃላት ካላገኙ የሚገዙት ልብስ ነው። ልብሱን ወደውት ከሆነ ነውር የለበትም፤ ብቻ በሥራ ዋጋ አይክፈሉበት።

ከሁሉ በፊት የፈረስ ጉልበት መቁጠር

የመርሴዲሱ ሲ63 ኤስ አዲሱ ትውልድ ባለ 8 ሲሊንደሩን ሞተር ትቶ በ2 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደርና በኤሌክትሪክ ሞተር ተተካ። አንድ ላይ 680 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። የጁሊያው ጉልበተኛ ዓይነት፣ ኳድሪፎሊዮ፣ በ2023 ከታደሰ በኋላ እንኳ 520 ላይ ነው የቆመው። በወረቀት ላይ ወሬው አልቋል። ነገር ግን መርሴዲሱ ከ2,100 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን አልፋው 1,600 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ጉልበት የሚሰማው ነዳጁ ሲረገጥ ብቻ ነው፤ ክብደት ግን በየኩርባው፣ በየፍሬኑ፣ በየጉብታው ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፍታ ላይ የሚነዳ ሰው የሞተሩን አተነፋፈስ ይጠይቅ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። የሌክሰስ አይኤስ 500 ባለ 8 ሲሊንደር 5 ሊትር ሞተር 472 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ሲባል በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ 2,000 ሜትር ላይ አንድ አምስተኛው ገደማ የለም። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን በግድ ስለሚያስገባ ብዙውን ጉድለት ይሸፍናል። ድምፁ እንደ አይኤሱ አያምርም፤ እሱን አልክድም።

ትልቁን ቸርኬ እንደ ስፖርት ኦፕሽን መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተጨማሪ ከፍለው መኪናውን የሚያባብሱበት ኦፕሽን ነው።

ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር እንመልከት። 225/45 አር18 ማለት ወርዱ 225 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 45 በመቶ የሆነ፣ በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባ ጎማ ነው። የጎኑ ቁመት እንግዲህ 101 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 19 ኢንች ከፍ ሲሉ 225/40 ይሆናል፤ ጎኑ 90 ይቀራል። በ20 ኢንች 225/35 ከሆነ 79 ነው። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም አልተለወጠም፤ የጨመረው ብረት ነው፤ የቀነሰው አየር የተሞላው ላስቲክ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬውን ከመጣመም የሚያድነው ደግሞ ያ ላስቲክ ነበር።

ሌላው ጣጣ ክብደት ነው። ጎማ፣ ቸርኬና ፍሬን ከሞላው በታች ያሉ ናቸው፤ መንገዱ ሲያነሳቸው ሾኩ መልሶ መሬት ላይ ማሳረፍ አለበት። እነሱ በከበዱ ቁጥር ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ቀለል ያለ 18 ኢንች ጥሩ ጎማ ለብሶ፣ በተሰባበረ አስፋልት ላይ ከባዱን 20 ኢንች ሊያስከነዳው ይችላል።

የፊትና የኋላ ጎማው ወርድ የሚለያይበት አማራጭም አለ፤ ለምሳሌ ከፊት 225፣ ከኋላ 255። ያምራል፤ ከኋላ ለሚገፋ መኪናም ይጠቅማል። ግን ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም፤ የኋለኞቹ ቀድመው ያልቃሉ። አየር ወጥቶበትም የሚሄደው ራንፍላት ጎማ ደግሞ ጎኑ ደረቅ ስለሆነ ሾኩ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ይነካካዎታል። እሱን አውጥተው ተራ ጎማ ከገጠሙ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ስኮርታ እንደሌለው ያስታውሱ።

«ስፖርት ጎማ» ተብሎ ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለሞቃት አየር የተሠራ ጎማ ነው። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ላስቲኩ እየደረቀ መንገድ መያዙን ይተዋል።

እኔ ብሆን ትንሹን ቸርኬ ይዤ የተረፈውን ገንዘብ ምርጥ ጎማ ላይ አውለዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ትልቁን ፍሬን ካዘዙ ትንሹ ቸርኬ ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) አልፎ ላይገባ ይችላል።

ቀይ ካሊፐር መኪናውን ቶሎ ያቆመዋል ብሎ ማሰብ

አንድ ጊዜ በድንገት ፍሬን ሲይዙ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ነው። ተራው ፍሬንም ጎማውን እስከ መቆለፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የላስቲኩ ጉዳይ ነው። ትልቅ ፍሬን ጥቅሙ የሚታየው ፍሬን ደጋግመው ሲይዙ፣ በሦስተኛውና በአሥረኛው ላይ ነው፤ ሙቀት ሲጠራቀም።

ሂሳቡን እንየው። 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ጉልበት ወደ 656 ኪሎ ጁል ነው። በ200 ሲሄድ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ ዲስኩ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ፣ በፍጥነት የሚነዳ ወይም ወደ መኪና መወዳደሪያ ትራክ የሚሄድ ሰው ትልቁን ዲስክ ቢያዝ ገንዘቡ አልባከነም።

ካርቦን ሴራሚክ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀላል ነው፤ ሙቀት አይበግረውም። ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፤ ሲለወጥ ደግሞ የዋጋውን ነገር አለማንሳት ይሻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ትራክ ለሚወጣ ሰው ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ይበቃዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ በደረጃው ተወስኗል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወሰኑ 155 ነው። የፈላ ዘይት ባለበት ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ካሊፐሩ ቀይ ይሁን ቢጫ ለውጥ የለውም።

ዲፈረንሻሉን መዝለል

ፎቶ ላይ ስለማይታይ ማንም አይጨነቅለትም። ከመኪናው ጋር መወለድ ካለባቸው ኦፕሽኖች መካከል እኔ አንደኛ የማደርገው ግን እሱን ነው።

ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል ግፊት ይሰጣል። በኩርባ ላይ የውስጠኛው ጎማ ክብደት ይቀልለዋል፤ ነዳጅ ሲረገጥ እሱ በባዶ ይሽከረከራል፤ የውጭኛውም ከዚያ የበለጠ ግፊት አያገኝም። መኪናው እየጮኸ አይሄድም። ብዙ አምራቾች ይህን የሚያክሙት የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን በመያዝ ነው። ይሠራል፤ ግን ለመሮጥ የከፈሉበትን ጉልበት በፍሬን ሸራ ያቃጥሉታል። እውነተኛው ሎክ ያለው ዲፈረንሻል፣ ሜካኒካልም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ፣ ግፊቱን መንገድ ወደ ያዘው ጎማ ያሻግራል። ሌክሰስ አይኤስ 500 ቶርሰን የሚባለውን ሜካኒካል ዓይነት ይዞ ነው የወጣው። አልፋ ሮሜዮም በ2023 ኳድሪፎሊዮውን ሲያድስ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ዲፈረንሻል በሜካኒካል ተክቶታል።

በኋላ ማስገባት ከፈለጉ ዲፈረንሻሉ ብቻ አይበቃም፤ ከእሱ ጋር የሚነጋገረው ኮምፒውተርም መስማማት አለበት።

እዚህ ላይ «አራት ጎማ አዝዣለሁ፤ ዲፈረንሻል ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። በአራት ጎማ መነዳት ከቆሙበት ለመነሳትና በእርጥብ መንገድ ነዳጅ ለመስጠት ግሩም ነው። ፍሬን ሲይዙ ግን ምንም አይጨምርም፤ ማንኛውም መኪና የሚያቆመው በአራት ጎማው ነውና። ኩርባ ሲገቡም ወደ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ተጨማሪ ጭነት ይዘው ነው።

ደረቅ ሾክን ከስፖርት ጋር ማምታታት

ጀርባ የሚነቀንቅ መኪና ፈጣን ይመስላል። በሸካራ መንገድ ላይ ግን እየዘለለ ጎማው ከመሬት ይለያል። በአንድ መኪና ሥራም፣ ቤተሰብም፣ የእሁድ ጠዋት ኩርባም የሚሄድ ሰው ጥንካሬው የሚቀያየር ሾክ ቢያዝ አይቆጭም። የካዲላኩ ሲቲ4-ቪ ብላክዊንግ ሾክ ዘይቱ ውስጥ ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ መግነጢሱን ሲያነቃው ዘይቱ በቅጽበት ይወፍራል። ይህ ብልሃት በመንገደኛ መኪና ላይ የገባው በ2002ቱ ካዲላክ ሴቪል ነበር። ጉዳቱ ዋስትናው ካለቀ በኋላ አንዱ ማፍሰስ ሲጀምር ነው፤ ከተራ ሾክ እጅግ ይወደዳል።

ስፖርት ሞድና ድምፅ

አጭር ነው። ስፖርት ሞድ የሞተሩን ከፍተኛ ጉልበት አይጨምርም፤ ፔዳሉን በትንሹ ሲነኩት ብዙ እንዲሰጥ ያደርጋል እንጂ። ስፖርት ማርሚታ ከማዘዝዎ በፊትም መስኮት ከፍተው ያዳምጡ፤ ውስጥ የሚሰሙት ጉርምርምታ ከፊሉ ከስፒከሩ ሊሆን ይችላል።

ከሚያዙት የተለየውን መኪና መሞከር

ለሙከራ የሚሰጥዎት ባለ 20 ኢንች ቸርኬ፣ የሚቀያየር ሾክ ያለው፣ አውቶማቲክ ነው። የሚያዙት 18 ኢንች ከተራ ሾክ ጋር ነው። ሁለቱ አንድ ስም ያላቸው የተለያዩ መኪናዎች ናቸው፤ ሻጩን ያስቸግሩት፣ የሚቀርበውን ያፈላልግልዎ።

አንዱ ኦፕሽን ሌላውን እንደሚዘጋም ይወቁ። በ2020 ይፋ በሆነው ኤም3 ላይ ባለ ፍሪሲዮኑ ማንዋል ካምቢዮ የሚገኘው ከ480 የፈረስ ጉልበቱ ጋር ብቻ ነው፤ 510 ያለው ኮምፔቲሽን አውቶማቲክ ብቻ ነው። ብላክዊንጉ ግን 6 ማርሹን ማንዋልም 10 ማርሹን አውቶማቲክም ያስመርጣል። የኤም3ው የካርቦን ወንበር ደግሞ በሁለቱ ጭን መካከል ከፍ ያለ ጉብታ አለው፤ ትራክ ላይ ያቅፍዎታል፤ መውረጃው ላይ ግን ይጣላዎታል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡበት፤ አምስት ጊዜ ይውጡ፣ ይግቡ።

«ጉልበቱን በኋላ በሶፍትዌር እጨምረዋለሁ»

ተርቦ ባላቸው ሞተሮች ይህ በእርግጥ ይቻላል፤ ለዚህም ነው አንዳንዱ ትንሹን ሞተር አዝዞ የሚመጣው። ፍሬኑ፣ ማቀዝቀዣውና ካምቢዮው ግን ለትንሹ ሞተር የተለኩ ናቸው። ዋስትናም አለ። በፎልክስዋገን ቡድን መኪኖች፣ አውዲን ጨምሮ፣ የተነካ ሶፍትዌር ሲገኝ በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ላይ ቲዲ1 የሚባል ምልክት ይመዘገባል። ወደ ቀድሞው ቢመልሱትም ምልክቱ አይጠፋም፤ ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ሲበላሽ ጋራዡ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።