የአናቶሚና የፊዚዮሎጂን ቃላት በራስ ክንድ ላይ እንዴት መማር ይቻላል?

አናቶሚንና ፊዚዮሎጂን መማር የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው በትምህርቱ ክብደት ሳይሆን በቃላቱ ብዛት ነው። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የግሪክና የላቲን ስሞች ይደረደሩለትና እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድዳቸዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግማሾቹ ይጠፉበታል። የተሻለው መንገድ ቃሉን ከመያዝ በፊት ቃሉ የሚጠራውን ነገር በራስ ክንድ ላይ ዳብሶ ማግኘት ነው።

ሁለቱን ዘርፎች ለይቶ መነሣት ይገባል። አናቶሚ የአካል ክፍሎችን ቅርጽ፣ አቀማመጥና ትስስር ያጠናል፤ ስሙም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ቆራርጦ መለየት ማለት ነው። ፊዚዮሎጂ ደግሞ እነዚሁ ክፍሎች ምን እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚሠሩ ይመረምራል። ሕዋሳት ተባብረው ኅብረ-ሕዋስን፣ ኅብረ-ሕዋሳት ኦርጋንን፣ ኦርጋኖችም እንደ ሥርዓተ ልመት ያለ ሥርዓትን ይፈጥራሉ። ዋናዎቹ የኅብረ-ሕዋስ ዓይነቶች አራት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሸፋኝ፣ አያያዥ፣ ጡንቻና ነርቭ ናቸው። ለመነሻ ይህ ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አናቶሚያዊ አቋም ግን በጥድፊያ የሚታለፍ አይደለም። የአቅጣጫ ቃላት ሁሉ የሚለኩት ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ፊቱን ወደ ፊት ካዞረ፣ እጆቹን ወደ ጎን ካወረደና መዳፎቹን ወደ ፊት ከገለጠ ሰው አንጻር ነው። ሰውየው አልጋ ላይ ቢተኛ ወይም በእጆቹ ቢቆም እንኳ ስያሜው አይለወጥም። መዳፍ ለምን ወደ ፊት ይገለጣል? ይህን ለመረዳት ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው መዳፍዎን ወደ ላይ ያድርጉ። በሌላው እጅዎ ከክርንዎ ሹል ጫፍ ተነሥተው በትንሿ ጣት በኩል እስከ እጅ አንጓ የሚወርደውን አጥንት ይከተሉ፤ እርሱ አልና ይባላል። በአውራ ጣት በኩል፣ ከአንጓው ከፍ ብሎ የሚዳሰሰው ደግሞ ራዲየስ ነው። አሁን መዳፍዎን ወደ ታች ሲገለብጡ አልና ከቦታው ብዙም ሳይነቃነቅ ራዲየስ በላዩ ተሻግሮ ይተኛል። ቀድሞ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለት አጥንቶች ተጣመሩ፤ ወደ ውጭ ይመለከት የነበረው አውራ ጣትም ወደ ውስጥ ዞረ። አንድ የጋራ አቋም ባይወሰን ኖሮ ሁለት ሐኪሞች ስለ አንድ አጥንት እየተነጋገሩ ላይግባቡ ይችሉ ነበር።

አቋሙ ከተያዘ አቅጣጫዎቹ ቀላል ናቸው። ወደ ሰውነት መካከለኛ መስመር የቀረበው ሚዲያል፣ ከመስመሩ የራቀው ላተራል ነው፤ ስለዚህ አልና ሚዲያል፣ ራዲየስ ላተራል ይሆናል። በእጅና በእግር ላይ ከሰውነት ግንድ ጋር ወደሚያያዙበት ቦታ የቀረበው ፕሮክሲማል፣ የራቀው ዲስታል ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ፤ ቃላቱ የንጽጽር ቃላት ናቸውና «ክርን ዲስታል ነው» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። ክርን ከትከሻ ዲስታል፣ ከአንጓ ግን ፕሮክሲማል ነው። ቀኝና ግራም የሚቆጠሩት በተመልካቹ ሳይሆን በባለ ሰውነቱ ነው፤ በተለመደው የደረት ራጅ ላይ የታማሚው ግራ በተመልካቹ ቀኝ በኩል የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአጥንት ወደ ደም ሥር እንለፍ። በአንጓዎ ላይ በአውራ ጣት በኩል ሁለት ጣቶችዎን ቀስ አድርገው ያሳርፉ፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ለዚህ አይመረጥም። የሚሰማዎት ምት የአርተሪ፣ በአማርኛ የደም ቅዳ ነው። አርተሪ የሚለው የግሪክ ስም የጥንት ሰዎች ቱቦው አየር ይይዛል ብለው ያስቡ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ሲሆን፣ የእኛው «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ግን ሥራውን በቀጥታ ይናገራሉ፤ አንደኛው ደሙን ከልብ ቀድቶ ያወጣል፣ ሌላው ወደ ልብ ይመልሳል። መለያው አቅጣጫው እንጂ የኦክስጅን መጠን አይደለም፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ የሚሸከመው ኦክስጅን ያነሰውን ደም ነው።

የመመለሱን ነገር በዓይን ማየት ይቻላል። ክንድዎን ጥቂት ወደ ታች አንጠልጥለው በግልጽ የሚታይ ደም መልስ ይምረጡ። በአንጓው በኩል በአንድ ጣት ተጭነው ይያዙና በሌላ ጣት ደሙን ወደ ክርን አቅጣጫ እየገፉ ያስኪዱት፤ ከዚያ የገፋውን ጣት ያንሡ። የገፋው ጣት አንድ ቫልቭ (ደሙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) ካለፈ ባዶው ክፍል ከላይ አይሞላም፤ የሚሞላው የታችኛውን ጣት ሲለቁ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ስለ ደም ዝውውር ባሳተመው ሥራ ያሳየው ማስረጃ ይኸው ነበር። ቅርጹ (ቫልቩ) የአናቶሚ፣ ሥራው (ደሙን ወደ ኋላ አለመመለሱ) የፊዚዮሎጂ ጉዳይ ነው።

በእጅ የማይዳሰሱትን ቃላት በተመለከተ ከመጨረሻው ቁራጭ ጀምሮ ማንበብ ይረዳል። «አይቲስ» ብግነትን፣ «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣትን፣ «ኤሚያ» በደም ውስጥ ያለን ነገር ያመለክታል፤ «ሄፓት» ጉበት ስለሆነ ሄፓታይቲስ የጉበት ብግነት ነው። «ሃይፖ» ማነስን፣ «ሃይፐር» መብዛትን ስለሚያሳዩ ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር ማነስ፣ ሃይፐርግላይሴሚያ ደግሞ መብዛት ነው። በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በሕክምና ግን ተቃራኒ ስለሆኑ ሲጽፉም ሲናገሩም ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ስኳሩ ራሱ ወደ ፊዚዮሎጂ ዋና ሐሳብ ያደርሰናል። ጤናማ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ሲለካ የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ከ70 እስከ 99 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ከተመገበ በኋላ ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ሕዋሳት ስኳሩን ሲወስዱ መጠኑ ይወርዳል፤ ኢንሱሊኑም ይቀንሳል። ውስጣዊውን ሁኔታ እንዲህ በወሰን የመጠበቅ ሂደት ሆሚዮስታሲስ ሲባል፣ ለውጡን የሚቀለብሰው ምላሽ አሉታዊ ግብረ መልስ ይባላል። «አሉታዊ» መጥፎ ማለት አይደለም፤ ለውጡን ይቃወማል ማለት ነው። አዎንታዊው ግን ለውጡን ያባብሳል፤ በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ራስ የማኅፀንን አፍ ሲጫን ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ምጡም ይበረታል፣ ግፊቱም ያይላል፤ ይህ ሁሉ የሚቆመው ሕፃኑ ሲወለድ ነው።